የእናቴ ስልክ አንድሮይድ 6 ነው፤ የዋይፋይ ፓስወርድ ብቀይር ይበቃል?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «እናቴ የምትይዘው ስልክ አንድሮይድ 6 ነው። ግቢያችን ውስጥ ተከራዮች አሉ፤ ሁላችንም የምንጠቀመው አንድ ራውተር ነው፣ ፓስወርዱም አንድ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደብልዩፒኤ2 ተሰብሯል፣ በተለይ አንድሮይድ 6 ላይ ማንም ሰው ዋይፋዩን እየሰማ ያነባል አለኝ። እናቴ የባንክ አፕ አላት፣ ከወንድሜ ጋርም በቴሌግራም ነው የምትገናኘው። ፓስወርዱን ብቀይር ይበቃል? ወይስ ራውተሩን ልለውጥ?»

ባልደረባህ ከእውነት አልራቀም፤ ግን የነገረህ ግማሹን ነው። መጀመሪያ አጭሩን መልስ ልስጥህ። ፓስወርድ መቀየር ይህን ቀዳዳ አይደፍነውም። ራውተር መለወጥም ብቻውን አያድንህም። ቀዳዳው ያለው ስልኩ ውስጥ ነው፣ የሚደፈነውም እዚያው ስልኩ ላይ ነው። ተደፍኖ እንደሆነ የሚነግርህ ደግሞ የአንድሮይዱ ቁጥር ሳይሆን ሴቲንግ ውስጥ ያለች አንዲት ቀን ናት። የእናንተ ግቢ ግን ከዚህ ቀዳዳ የሚቀድም ሌላ ጉዳይ አለው፤ እሱንም እነግርሃለሁ።

ነገሩ «ክራክ» ይባላል። ይፋ የሆነው ጥቅምት 6 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 16 ቀን 2017። ያገኘው ማቲ ቫንሁፍ የሚባል ተመራማሪ ነው፤ ቤልጂየም ውስጥ ሉቨን ዩኒቨርሲቲ ይሠራ ነበር፣ ጥናቱንም ያወጣው ከፍራንክ ፒሴንስ ጋር ነው። ያኔ ትልቅ ድንጋጤ ነበር፤ ምክንያቱም ደብልዩፒኤ2 ከፈረንጆቹ 2004 ጀምሮ የዓለም ዋይፋይ የተደገፈበት መቆለፊያ ነው፣ ባለሙያዎችም በሒሳብ ጭምር ፈትሸው ደህና ነው ብለውት ነበር። የሒሳቡ ማረጋገጫም ቢሆን ውሸት አልነበረም። ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ አይገባም ይላል፤ አልገባምም። ያው አንድ ቁልፍ ሁለት ጊዜ ቢገጠም ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ግን ማረጋገጫው ውስጥ አልነበረም። ክራክ የገባው በዚያች በር ነው።

አሠራሩን ላስረዳህ፣ ምክንያቱም ይህን ከገባህ ቀሪውን ምክር ራስህ ታወጣዋለህ። ስልክ ዋይፋይ ላይ ሲገባ ፓስወርዱን በአየር ላይ አይልክም። በምትኩ ራውተሩና ስልኩ አራት አጫጭር መልእክቶች ይለዋወጣሉ። በመጀመሪያው ራውተሩ አንድ የዘፈቀደ ቁጥር ይልካል። በሁለተኛው ስልኩ የራሱን ቁጥር ይመልሳል። አሁን ሁለቱም ፓስወርዱን፣ ሁለቱን ቁጥሮችና የሁለቱን መሣሪያዎች አድራሻ አንድ ላይ ፈጭተው ለዚያች ግንኙነት ብቻ የምታገለግል አዲስ ቁልፍ ያወጣሉ። በሦስተኛው መልእክት ራውተሩ «ቁልፉን ግጠም» ይላል። ስልኩ ይገጥምና በአራተኛው «ገጥሜያለሁ» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ የሚሄደው ዳታ ሁሉ በዚያ ቁልፍ ይመሰጠራል።

አየር ላይ የሚላክ ነገር ደግሞ ይጠፋል፤ ስለዚህ ራውተሩ አራተኛው መልእክት ካልደረሰው ሦስተኛውን ደግሞ ይልካል። የተለመደ ነው፣ ጥፋት የለበትም። ችግሩ ያለው ስልኩ ያን የተደገመ መልእክት ሲቀበል በሚያደርገው ነገር ላይ ነው። ያንኑ ቁልፍ እንደገና ይገጥማል፣ የሚልካቸውን የዳታ ቁራጮች፣ ማለትም ፓኬቶችን፣ የሚቆጥርበትን ቆጣሪም ወደ መጀመሪያው ይመልሰዋል። አጥቂው ማድረግ ያለበት በመሐል ገብቶ አራተኛውን መልእክት ማስቀረት ብቻ ነው። ለዚህም የራውተሩን ስምና አድራሻ አስመስሎ በሌላ ቻናል ላይ የራሱን ያቆምና ስልኩን ወደዚያ ይስበዋል።

ቆጣሪው ወደ ኋላ ቢመለስ ምን ይሆናል? ብዙ። ዳታው የሚመሰጠረው ከቁልፉና ከቆጣሪው በሚወጣ የዘፈቀደ በሚመስል የቁጥሮች ጅረት ነው። ያው ቁልፍና ያው የቆጣሪ ቁጥር ከተደገሙ ያው ጅረት ይደገማል። ሁለት ፓኬቶች በአንድ ጅረት ከተመሰጠሩ ደግሞ አጥቂው ሁለቱን እርስ በርስ ሲያጣፋቸው ጅረቱ ይሰረዝና የሁለቱ ጽሑፎች ድምር ብቻ ይቀራል። ከሁለቱ አንዱ ውስጥ ምን እንዳለ ካወቀ ሌላው ወለል ብሎ ይታየዋል። አንዱን ማወቅ ደግሞ አይከብድም፤ ስልክ ኢንተርኔት ላይ በተደጋጋሚ የሚልካቸው ብዙ ነገሮች ይዘታቸው ቀድሞ የሚታወቅ ነው።

እስካሁን ያልኩህ ብዙ መሣሪያዎችን የሚነካ ነበር። አንድሮይድ 6 ላይ ግን ነገሩ ይብሳል፤ ባልደረባህ «በተለይ» ያለው ለዚህ ነው። አንድሮይድ ዋይፋይ ላይ የሚገባው ደብልዩፒኤ ሰፕሊካንት በሚባል ፕሮግራም ነው፤ ሊኑክስም የሚጠቀመው ያንኑ ነው። ከ2.4 ጀምሮ የወጡት ስሪቶች ቁልፉን አንዴ ከገጠሙ በኋላ ከሜሞሪ ያጠፉታል። የዋይፋይ ደንቡ ራሱ እንዲህ ማድረግን ይጠቁማል፤ ቁልፍ ሜሞሪ ውስጥ እንዳይዝረከረክ ተብሎ ነው፣ ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ታዲያ ሦስተኛው መልእክት ሲደገም ፕሮግራሙ ሊገጥም የሚፈልገው ቁልፍ የለም። ቦታው ባዶ ነው። ባዶውን ይገጥማል። ማለትም 128ቱም ቢት ዜሮ የሆነ ቁልፍ። ከዚያ በኋላ ስልኩ ዳታውን «ይመሰጥራል»፣ ስክሪኑ ላይም የቁልፏ ምልክት እንዳለች ናት፣ ቁልፉ ግን ሰው ሁሉ የሚያውቀው ዜሮ ነው። እዚህ ጋ መገመት፣ ሁለት ፓኬት ማጣፋት፣ ምንም አያስፈልግም። አጥቂው በቀጥታ ያነባል። ይህ የሚነካው አንድሮይድ 6.0ንና ከዚያ በኋላ የወጡትን ነው፤ እርማቱ እስኪደርሳቸው ድረስ።

አይፎንና ዊንዶውስ ከዋናው ጥቃት ተርፈዋል። ምክንያቱ ይገርማል፤ ደንቡ የተደገመ ሦስተኛ መልእክት ተቀበሉ ይላል፣ እነሱ አይቀበሉም ነበር። ሌላ አነስ ያለ ቀዳዳ ግን ነበረባቸው። ማይክሮሶፍት በዚያው ኦክቶበር ደፈነው፣ አፕል በአይኦኤስ 11.1 ጀመረ፣ የቆዩት አይፎኖች ደግሞ በ11.2 ደረሳቸው።

አሁን ወደ እናትህ ስልክ። ሴቲንግ ክፈት፣ «አባውት ፎን» ግባ፣ «አንድሮይድ ሴኩሪቲ ፓች ሌቭል» የሚለውን ፈልግ። አንዳንድ ስልክ ላይ «ሶፍትዌር ኢንፎርሜሽን» የሚል ሌላ ገጽ ውስጥ ነው ያለው። ከሥሩ በፈረንጅ የተጻፈ ቀን ታያለህ። ጉግል የክራክን እርማት ያስገባው ኖቬምበር 6 ቀን 2017 በሚል ደረጃ ነው። ቀኑ ያ ወይም ከዚያ በኋላ ከሆነ ክራክ ተደፍኗል፣ አንድሮይዱ 6 ቢሆንም ማለት ነው። እዚህ ላይ ተጠንቀቅ፤ በዚያው ወር ሦስት ደረጃዎች ነበሩ። ኖቬምበር 1፣ ኖቬምበር 5 እና ኖቬምበር 6። የክራኩ እርማት ያለው በመጨረሻው ነው። «ኖቬምበር 2017 ይላል፣ እንግዲህ ደህና ነው» ብለህ አትለፍ፤ ቀኗን እስከ መጨረሻ አንብባት። አንዳንድ ስልክ አምራቾች እርማቱን ቀደም ባለ ቀን ሥርም አስገብተውታል፣ ግን በቀኑ ብቻ ከሄድክ ዋስትና የሚሰጥህ 6 የሚለው ነው። በተቃራኒው አንድሮይድ 7 የሆነ ስልክ ኦገስት 2017 ላይ ቆሞ ከቀረ ክፍት ነው። የአንድሮይዱ ቁጥር አያታልህ።

ቀኑ የቆየ ከሆነ «ሲስተም አፕዴት» ውስጥ ገብተህ የቀረ ነገር ካለ ፈልግ። ብዙ ሰው አገራችን ውስጥ ዳታ ይበላል ብሎ አፕዴቱን ሲያሳልፈው ስለኖረ አልፎ አልፎ ለዓመታት የተቀመጠ አፕዴት ይገኛል። ካለ በዋይፋይ አውርድ፣ ቻርጀር ሰክተህ ጫን። «የለም» ካለ አምራቹ ስልኩን ትቶታል ማለት ነው፤ ቀዳዳው እንዳለ ይኖራል።

እንደዚያ ከሆነ ምን ያህል መፍራት አለብህ? እዚህ ጋ ሰው ወይ ያጋንናል ወይ ይንቃል። መጀመሪያ፣ ክራክን የሚሠራ ሰው አጠገባችሁ መሆን አለበት፣ ዋይፋዩ የሚደርስበት ቦታ ላይ። ከሌላ ከተማ ሆኖ አይሠራውም። ሁለተኛ፣ የዋይፋይ ፓስወርድህን አያገኝም፤ የተነካው ፓስወርዱ አይደለምና፣ መቀየሩ የማይጠቅመውም ለዚህ ነው። ሦስተኛ፣ የሚፈታው የዋይፋዩን ሽፋን ብቻ ነው። ከሥሩ ሌላ ሽፋን አለ። ቴሌግራም ከስልኩ እስከ ሰርቨሩ የራሱ ምስጠራ አለው። በደንብ የተሠራ የባንክ አፕም እንዲሁ። ስለዚህ እናትህ ከወንድምህ ጋር የምትጻጻፈውን ሰው በክራክ ብቻ አያነበውም። የሚያየው የትኛውን ድረ ገጽ እንደከፈተች፣ መቼ እንደከፈተችና ያለ ምስጠራ የሚሄደውን ነገር ሁሉ ነው።

ብራውዘር ላይ ግን ነገሩ ይለያል። ቫንሁፍ ጥቃቱን በቪዲዮ ያሳየው አንድሮይድ ስልክ ላይ ነው። ስልኩ በኤችቲቲፒኤስ፣ ማለትም በተመሰጠረ ግንኙነት፣ መከፈት የሚገባውን አንድ ድረ ገጽ ሲከፍት አጥቂው መሐል ገብቶ ወደ ተራ ኤችቲቲፒ አወረደው፤ ከዚያ የተጻፈውን ስምና ፓስወርድ በግልጽ አነበበ። ይህ የሚሠራው አዋቀሩ ደካማ በሆነ ድረ ገጽ ላይ ነው። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ልዩነት አንዲት ትንሽ የቁልፍ ምልክት መጥፋቷ ብቻ ነው፤ እናትህ ይቅርና እኔም ሥራ ላይ ቸኩዬ ከሆነ ላላያት እችላለሁ።

አንድሮይድ 6 ላይ ከዚህ የከፋም አለ፣ ብዙ ሰው ግን አያነሳውም። ብዙ ድረ ገጾች ትክክለኛ መሆናቸውን ለብራውዘር የሚያሳዩት ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባል ድርጅት በሚሰጠው ሰርተፍኬት ነው። ከ7.1.1 በታች የሆነ አንድሮይድ ደግሞ የሌትስ ኢንክሪፕትን ዋና ሰርተፍኬት አያውቀውም። ለዓመታት በሌላ ድርጅት ፊርማ ተደግፎ ሲሠራ ቆይቶ ያ ድጋፍ ሴፕቴምበር 2024 ላይ አበቃ። ስለዚህ የእናትህ ስልክ ምንም ችግር የሌለበትን ድረ ገጽ ስትከፍት «ግንኙነትዎ አስተማማኝ አይደለም» የሚል ቀይ ማስጠንቀቂያ ሊያወጣ ይችላል። እሷም «ግድ የለም፣ ሁልጊዜ እንዲህ ይላል» ብላ ማለፍ ትለምዳለች። አጥቂ የሚፈልገው ይህንን ልማድ ነው! እሱ መሐል ሲገባም የሚወጣው ያው ቀይ ገጽ ነውና ልዩነቱን ማንም አያውቅም። እኔን ከክራክ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ፋየርፎክስ የሚባለው ብራውዘር የራሱን የሰርተፍኬት ዝርዝር ይዞ ስለሚመጣ ይህ የውሸት ማስጠንቀቂያ አይወጣበትም። ስልኩ ላይ የሚሠራ ስሪት ካገኘህ ጫንላት፣ ከዚያ ቀይ ገጽ ካየች በጭራሽ እንዳታልፈው ንገራት።

አሁን ወደ ግቢያችሁ። ሁላችሁም አንድ ፓስወርድ ነው የምትጠቀሙት ብለሃል። ከላይ ያልኩህን አስታውስ፤ የግንኙነቱ ቁልፍ የሚወጣው ከፓስወርዱና በአየር ላይ በግልጽ ከሚሄዱት ቁጥሮች ነው። እንግዲህ ፓስወርዱን የሚያውቅ ሰው አራቱን መልእክቶች ካዳመጠ ያንኑ ቁልፍ ራሱ ማስላት ይችላል። ክራክ አያስፈልገውም። ስልኩ አንድሮይድ 6 ይሁን 14 ለውጥ የለውም። ዋየርሻርክ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም የኔትወርኩን ስምና ፓስወርዱን ስትሰጠው የተቀዳውን ፈትቶ ያሳያል፤ የኔትወርክ ተማሪዎች የሚማሩት ነገር ነው። አራቱን መልእክቶች ለማግኘትም ስልኩ ለቆ እንደገና እስኪገባ መጠበቅ ነው። ደብልዩፒኤ2 ላይ የጋራ ፓስወርድ ማለት ከውጭ ሰው ይጠብቃል፣ ከግቢው ሰው ግን አይጠብቅም። ተከራዮችህን እየጠረጠርኩ አይደለም፤ ግን ተከራይ ይለዋወጣል፣ የወጣው ሰው ፓስወርዱን ይዞት ይወጣል፣ የተከራይ እንግዳም ይጠይቃል፣ ይሰጠዋል። ከጊዜ በኋላ ፓስወርዱን ማን እንደሚያውቅ የሚያውቅ ሰው አይኖርም።

ስለዚህ ፓስወርዱን ቀይር፤ ግን ለክራክ ብለህ ሳይሆን ለዚህ። አንዱን ኔትወርክ ለቤተሰብ ብቻ አድርገው፣ ረዘም ያለ ፓስወርድ ስጠው፣ ከቤት እንዳይወጣ። ለተከራዮቹ ራውተሩ ላይ «ገስት ኔትወርክ» የሚለውን ከፍተህ ሌላ ፓስወርድ አድርግላቸው። በቅርብ ዓመታት የወጡት ራውተሮች አብዛኞቹ አላቸው። እዚያው ገብተህ ምስጠራው «ደብልዩፒኤ2 ኤኢኤስ» መሆኑን እይ፤ «ቲኪፕ» የሚል ካለ አጥፋው፣ ክራክ ላይም አጥቂው የውሸት ፓኬት ጨምሮ እንዲልክ መንገድ የሚከፍት ደካማ አሠራር ነው። ፓስወርድ ሳይጻፍ በቁልፍ ወይም በፒን የሚያስገባውን «ደብልዩፒኤስ» የሚባለውንም አጥፋው።

ደብልዩፒኤ3 ይህን የጋራ ፓስወርድ ጣጣ ይፈታዋል፤ ፓስወርዱን ማወቅ ብቻ የሌላውን ሰው ዳታ ለመፍታት አይበቃም። ግን አንድሮይድ የተቀበለው ከ10 ጀምሮ ነው። የእናትህ ስልክ ስለማያውቀው አዲስ ራውተር ብትገዛም እሷ የምትገባው በድሮው መንገድ ነው። ለእሷ ብለህ ራውተር አትግዛ።

ራውተሩ ላይ ሊረዳ የሚችል አንድ ነገር አለ። አንዳንድ ራውተሮች፣ በተለይ ኦፕንደብልዩአርቲ የሚባለው ነፃ የራውተር ሶፍትዌር የተጫነባቸው፣ ሦስተኛውን መልእክት ደግመው እንዳይልኩ የሚያደርግ ምርጫ አላቸው። መልእክቱ ካልተደገመ ቁልፉ ሁለተኛ አይገጠምም፣ ያልታደሰ ስልክም እናንተ ቤት ውስጥ ከክራክ ይተርፋል። ዋጋው ደካማ ሲግናል ያለበት ስልክ አንዳንዴ ለመግባት መቸገሩ ነው። ካፌ ስትሄድ ግን አይከተላትም።

ግቢው ሰፊ ሆኖ ሪፒተር ካደረጋችሁ እሱንም አትርሳ። ሪፒተር ለስልካችሁ ራውተር ይመስላል፣ ለዋናው ራውተር ግን እንደ ስልክ ነው የሚገባው፤ ስለዚህ ክራክ እሱንም ይነካዋል። ፋርምዌሩ (ውስጡ ያለው ሶፍትዌር) ከፈረንጆቹ 2017 መጨረሻ በፊት የነበረ ከሆነ አድስ፣ አዲስ ከሌለው ቀይረው። ሪፒተር ከስልክ ይረክሳል።

ስለ ቪፒኤንም፣ ማለትም ዳታውን ሁሉ መስጥሮ በሌላ ድርጅት ሰርቨር በኩል ስለሚያሳልፈው አፕ፣ ሰው ይጠይቀኛል። በዋይፋዩ ላይ ያለውን ክፍተት ይሸፍናል፣ እውነት ነው። ነፃ ቪፒኤን ግን ጎረቤት እንዳያይህ ብለህ ሁሉን ነገር ለማታውቀው ድርጅት ማሳየት ነው፤ ለእናትህ ስልክ አልመክርህም። የባንክ አፑን ስትከፍት ዋይፋዩን አጥፍታ በሞባይል ዳታ ትጠቀም። ክራክ የዋይፋይ ችግር ስለሆነ ሞባይል ዳታ ላይ የለም፣ የባንክ አፕ ደግሞ ዳታ ብዙም አይበላም።

የመጨረሻው ነገር ላይ በግልጽ ልናገር። ቀኑ ከሴፕቴምበር 2017 በፊት ሆኖ ከተገኘ ክራክን ተወው፤ ብሉቦርን የሚባለው የብሉቱዝ ቀዳዳም ክፍት ነው ማለት ነው። በዚያ ሰው ሳይፈቀድለት፣ ስልኩ ሳይነካ፣ ብሉቱዝ ክፍት ስለሆነ ብቻ ስልኩ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ስልኩ ውስጥ ለገባ ሰው ደግሞ የዋይፋይ ምስጠራ ምንም አይደለም፤ የባንክ አፑን ከውስጥ ያየዋል። ብሉቱዙን ዛሬውኑ አጥፋላት። ከዚያ የባንክ አፑን አፕዴት ወደሚያገኝ ስልክ አዙርላት፣ ውድ መሆን የለበትም። አሮጌው ለቴሌግራምና ለቪዲዮ ይቆይ። ሌላ ስልክ ስትገዛላት፣ ያገለገለም ቢሆን፣ ብሩን ሳትከፍል ሱቁ ውስጥ ቆመህ ያችን ቀን ተመልከት። ካሜራውንና ባትሪውን የሚያይ ሰው ብዙ ነው፣ ቀኗን የሚያይ ጥቂት። ዓመት ያለፋት ከሆነ አዲስ አፕዴት መኖሩን እዚያው አስሞክር፤ ከሌለ ሌላ አሳዩኝ በል።

ቀኑን አይተህ ጻፍልኝ። ራውተሩ ገስት ኔትወርክ ከሌለው ደግሞ ከጀርባው ያለውን የሞዴል ቁጥር ጨምርበት፣ ምን አማራጭ እንዳለው አይቼ እነግርሃለሁ።